«ልጆቼን ቢወስዱብኝስ?» ብላ ለፈራች እናት

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 9 ዓመቱ ነው፣ ሴቷ 2 ዓመት ተኩል። ከአባታቸው ጋር ከተለያየን ስምንት ወር ሆነን። ቀን ሥራ ላይ ነኝ፤ ማታ ስገባ አቅሜ አልቋል። ባለፈው ወር ትንሿ ጫማ አላደርግም ብላ መሬት ላይ ስትንከባለል ክንዷን ይዤ በኃይል ጎተትኳት። የጣቶቼ ምልክት ቀረባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ፈራሁት። ትልቁ ደግሞ ዝምተኛ ሆኗል፤ «ምን ሆንክ?» ስለው «ምንም» ነው መልሱ። መምህሩ ለወላጆች ድጋፍ የሚሰጡ አገልግሎቶች እንዳሉ ነገረችኝ። ብደውል ምን እላለሁ? ልጆቼን ቢወስዱብኝስ? ልጅን ጠንካራ የሚያደርገውስ ምንድን ነው?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ክንዷ ልጠይቅዎት። ከዚያ ቀን በኋላ እጇን እንደ ልቧ ታንቀሳቅሳለች? ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ክንዳቸው በድንገት ሲጎተት የክርናቸው አጥንት ከቦታው ሸርተት ሊል ይችላል። ልጅቷ እጇን ከሰውነቷ አጣብቃ ትይዛለች፤ ዕቃ ሲሰጧት በሌላው እጇ ትቀበላለች። ብዙ ጊዜ እብጠት ስለማይኖረው ወላጅ አያስተውለውም። ሐኪም ግን በደቂቃ ውስጥ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በወሩ ውስጥ በሁለቱም እጇ እኩል ስትጫወት ካዩ ጥሩ ነው። ጥርጣሬ ካለዎት ያሳዩአት። ሐኪሙ «ምን ሆና ነው?» ሲል እውነቱን ይንገሩት። «ወድቃ ነው» ማለት ሐኪሙን ያሳስታል፣ በኋላ ደግሞ ራስዎን ያስጠረጥራል።

ምልክት መቅረቱን አቅልዬ አላየውም፤ እርስዎም አላቀለሉትም። ራሱን የፈራ ወላጅ ለእርዳታ ቅርብ ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ምልክቱን አይቶ «ይበላት!» የሚለው ነው።

ያ ንዴት ተመልሶ ይመጣል። ሲመጣ የሚያደርጉትን ዛሬ፣ በሰከነ ልብ ይወስኑ። ልጅቷን ልትጎዳ በማትችልበት ቦታ ያስቀምጧት፤ አልጋዋ ላይ ወይም ስለት፣ እሳትና መድኃኒት በሌለበት ክፍል። ከዚያ እርስዎ በሩን ገፋ አድርገው ይውጡ። አምስት ደቂቃ ይቁሙ። ውሃ ፊትዎ ላይ ያድርጉ። ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። አምስት ደቂቃ በማልቀስ የተጎዳ ልጅ የለም። ከተቻለ ደግሞ አንድ ወዳጅዎን አስቀድመው ያስፈቅዱ፦ «እንዲህ ሲለኝ እደውልልሻለሁ፣ ምንም አትምከሪኝ፣ ብቻ አውሪኝ።» ይህን ተስማምቶ መቆየት ትልቅ ነገር ነው። በንዴት መሃል ሆኖ ለማን እንደሚደወል ማሰብ አይቻልም።

አሁን ወደ ጠንካራነት ልምጣ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል። ይህን አባባል ብዙም አልወደውም። ዕድል የሚባለው ነገር ገለጥ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ከኋላው ሰው አለ። ሃዋይ ውስጥ ካዋይ በምትባል ደሴት እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ወርነር የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ከልደት እስከ ጎልማሳነት ተከታትላቸዋለች። ከልጆቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ችግር የተደራረበበት ቤት ነው ያደጉት፦ ድህነት፣ የወላጆች ጠብ፣ መጠጥ፣ የአእምሮ ሕመም። ከእነዚህ ውስጥ ደግሞ ከሦስት አንዱ ሠርቶ የሚያድር፣ ወዳጅ የሚይዝ፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ሆነ። ሲመረመሩ በየሕይወታቸው ውስጥ ቢያንስ አንድ የማይለዋወጥ ትልቅ ሰው ነበራቸው። አንዳንዱ አያት፣ አንዳንዱ አክስት፣ አንዳንዱ መምህር። ሁልጊዜ እናት አልነበረችም፤ ፍጹም የሆነ ሰውም አልነበረም። በወጣትነታቸው ከተሰናከሉት መካከልም ብዙዎቹ በ30ዎቹና በ40ዎቹ ዕድሜያቸው ሕይወታቸውን አስተካክለው ተገኝተዋል። ይህን የምነግርዎ የ9 ዓመት ልጅ «አልፎበታል» የሚባል እንዳልሆነ እንዲያውቁ ነው።

ስለዚህ መልሴ አጭር ነው። ልጅን የሚያጠነክረው የማይዋዥቅ ትልቅ ሰው ነው። ያ ትልቅ ሰው እንዳይዋዥቅ ደግሞ የሚደገፍበት ሌላ ትልቅ ሰው ይፈልጋል። እርስዎ ስለ ልጆችዎ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን የማየው ስምንት ወር ሙሉ ብቻዋን የተሸከመች ሴት ነው።

«አቅሜ አልቋል» ያሉት ላይ ትንሽ ልቆይ። ድካም ብቻ ነው? እንቅልፍ እምቢ ይላል? ድሮ ያስደስትዎት የነበረው ነገር ሁሉ ገለባ ሆኗል? ይህ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ድብርት ሊሆን ስለሚችል የመጀመሪያው በር የራስዎ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ለድብርት የሚታከሙ እናቶችንና ከ7 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆቻቸውን ተከታትሎ ነበር። እናቶቹ በሦስት ወር ሕክምና ሲሻላቸው የልጆቹም የጭንቀትና የድብርት ምልክት አብሮ ቀነሰ። እናቶቹ ያልተሻላቸው ልጆች ላይ ግን ጨመረ። ጥናቱ ያከመው ልጆቹን አልነበረም። የታከመችው እናት ናት። የዝምተኛው ልጅዎ ሕክምና በእርስዎ በኩል ሊያልፍ እንደሚችል እንዳይረሱ።

አገልግሎቶቹን በተመለከተ ስማቸው ከአገር አገር ይለያያል፣ ዓይነታቸው ግን ብዙም አይራራቅም።

የመጀመሪያው ቤት ድረስ የሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ኦልድስ የተባለ ተመራማሪ በኒውዮርክ ግዛት ኤልማይራ በምትባል ከተማ አንድ ነገር ሞከረ። የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ፣ አብዛኞቹ ወጣት፣ ያላገቡ ወይም ድሃ የሆኑ እናቶችን ነርሶች ቤታቸው እየሄዱ እንዲጎበኙ አደረገ፤ ልጁ 2 ዓመት እስኪሆነው ድረስ። ከ15 ዓመት በኋላ መዝገብ ሲታይ በተጎበኙት ቤቶች የልጅ ጥቃትና ቸልታ ካልተጎበኙት በግማሽ ያህል ያንስ ነበር። ነርሷ የምትሠራውን ላላየ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ወለል ላይ ትቀመጣለች። ሕፃኗ ከማንኪያው ፊቷን ታዞራለች። እናትየዋ «ጠላችኝ» ትላለች። ነርሷም «እስቲ እያት፣ ዓይኗን እያሸች ነው። እንቅልፏ መጥቶ ነው» ትላታለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን በዚያች ደቂቃ «ጠላችኝ» የነበረው «ደከማት» ይሆናል። ለደከመው ልጅ ደግሞ ማንም እጁን አያነሳም።

የነርስ ጉብኝት በአብዛኛው ለአራስና ለሕፃናት ስለሆነ እርስዎ ላይደርስዎ ይችላል። ለእርስዎ የሚስማማው የበጎ ፈቃደኛ ጉብኝት ይመስለኛል። እንግሊዝ አገር ሌስተር ከተማ ውስጥ ማርጋሬት ሃሪሰን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1973 ሆም ስታርት የሚባለውን ስትጀምር ሐሳቡ ቀላል ነበር። ልጅ ማሳደግን የምታውቅ ሰው በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት ያህል ቤት ትመጣለች። ትንሿን ትይዛለች፣ እናት ከትልቁ ጋር ትቀመጣለች። ወይም እናት ትተኛለች። ዛሬ በብዙ አገሮች ተመሳሳይ አለ። ሲጠይቁ «ልጅ ያሳደገች በጎ ፈቃደኛ ቤት የምትልኩበት አገልግሎት አላችሁ?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአንዳንድ የሥልጠና ሰርተፍኬት ይልቅ እነዚህ ሁለት ሰዓታት ያዋጣሉ።

ሥልጠናም ቢሆን ጥሩ ጥሩ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ በማት ሳንደርስ የተጀመረው ትሪፕል ፒ፣ አሜሪካ ውስጥ በካሮሊን ዌብስተር-ስትራተን የተዘጋጀው ኢንክሬዲብል ይርስ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው አቅማቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮች ያዘጋጁት ፓረንቲንግ ፎር ላይፍሎንግ ኸልዝ። የመጨረሻው በነጻ የሚገኝ ነው። ግን ስሙ አያታልልዎ። ሥልጠናውን የሚመዝኑበት አንድ ጥያቄ ልስጥዎ፦ «እዚያው እንለማመዳለን ወይስ ትነግሩናላችሁ?» እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ 77 ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ ወላጆች ከገዛ ልጃቸው ጋር እዚያው የሚለማመዱባቸው ፕሮግራሞች የበለጠ ውጤት እንደነበራቸው አሳይቷል። ስለ ልጅ አስተዳደግ ሲሰብኩዎት ቆይተው በጭብጨባ የሚያሰናብቱዎት ከሆነ ጊዜዎን ይቆጥቡ።

ከሁሉ ደግሞ ልጅን «አስፈራርተን ቀጥ እናደርገዋለን» ከሚሉት ይራቁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ወጣቶችን እስር ቤት ወስዶ በእስረኞች ማስፈራራት ፋሽን ሆኖ ነበር። በኋላ ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ የተወሰዱት ልጆች ካልተወሰዱት የበለጠ ወንጀል ውስጥ ገብተው ተገኙ። የእርስዎ ልጅ ከዚህ ሩቅ ነው፤ ግን «ወንድ ልጅ ጠንከር ይበል» የሚል መካሪ አይጠፋምና ነው።

የስልክ መስመሮችም አሉ። የልጆች የእርዳታ መስመሮችን የሚያስተሳስር ቻይልድ ሄልፕላይን ኢንተርናሽናል የሚባል ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይሠራል። በብዙ የአውሮፓ አገሮች 116 111 የሚል አንድ ዓይነት ቁጥር አለ። ስማቸው የልጆች ቢሆንም ብዙዎቹ የወላጅን ስልክም ይቀበላሉ፤ ለወላጅ ብቻ የተከፈቱ መስመሮችም አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት። ልጆቼን ይወስዱብኛል?

አልዋሽዎትም። በብዙ አገሮች ሐኪም፣ መምህርና ማኅበራዊ ሠራተኛ አንድ ልጅ ለአደጋ ተጋልጧል ብለው ሲያምኑ ለሚመለከተው ክፍል የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ስለዚህ «ማንም ምንም አያደርግም» ብዬ አልሸነግልዎትም። ግን ማሳወቅና ልጅ መውሰድ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 9 ልጅ ከወላጁ ያለ ፈቃዳቸው የሚለየው ለልጁ ጥቅም የግድ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ፣ ያውም በሕግ አግባብ ነው ይላል። አንቀጽ 18 ደግሞ መንግሥት ወላጆችን በማሳደግ ኃላፊነታቸው መደገፍ አለበት ይላል። እርዳታ መጠየቅዎ ልመና አይደለም፤ ስምምነቱን ያጸደቀ አገር ሁሉ የገባልዎት ቃል ነው። በሥራዬ ካየሁት ደግሞ፣ ፋይል ውስጥ «እናት ራሷ ደውላ እርዳታ ጠየቀች» የሚል መስመር ካለ ባለሙያው ያንን ፋይል የሚያነብበት ዓይን ሌላ ነው። ምልክቱ በሌላ ሰው ጥቆማ ሲገኝ ግን ወሬው ከእርስዎ እጅ ይወጣል።

ሲደውሉ ምን ይበሉ? ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በፊት ይህን ይጠይቁ፦ «የምነግራችሁ በምስጢር ይያዛል? መቼ ነው ለሌላ የምትናገሩት?» ጥሩ መስመር ላይ ያለ ሰው ይህን ሳያመነታ ይመልሳል። ከተምታታበት ሌላ ቦታ ይደውሉ። ስምዎን ሳይናገሩ መጀመርም ብዙ ጊዜ ይቻላል። ከዚያ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይበልጥም፦ «ሁለት ልጆች ብቻዬን አሳድጋለሁ። ባለፈው ወር ተናድጄ ልጄን ጎዳኋት። ይህ እንዳይደገም ምን ላግኝ?» በወረቀት ይጻፉትና እያዩ ያንብቡት። ብዙ ሰው ስልኩ ሲነሳ አንደበቱ ይያዛል፣ ሁለት ሰዎች ስልኩን ይዘው ዝም የሚሉበትም አለ። ያም ችግር የለውም፤ ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው ዝምታን መጠበቅ ሥራው ነው።

አንድ ነገር ስላልጻፉልኝ ልጠይቅ። ከባልዎ የተለያዩት ድብደባ ወይም ማስፈራሪያ ስለነበረ ከሆነ፣ አሁንም የሚከታተልዎ ከሆነ፣ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። መጀመሪያ የሚደውሉት በቤት ውስጥ ጥቃት ላይ ለሚሠራ መስመር ነው፤ እሱ በማይደርስበት ስልክ። የአስተዳደግ ሥልጠና ይቆያል፤ ደህንነት አይቆይም።

ትልቁን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው «ምን ሆንክ?» አይበሉት። የ9 ዓመት ልጅ እንዲህ ሲጠየቅ ፈተና ይመስለዋል፣ «ምንም» ደግሞ ከሁሉ አጭሩ መልስ ነው። ጎን ለጎን ሆነው የሚሠሩት ነገር ይፈልጉ፤ ልብስ ማጠፍ፣ እግረ መንገድ፣ ኳስ። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ወሬ ይቀላል። እርስዎም ሳይጠየቁ አንድ ነገር ይበሉት፦ «አባትህና እኔ የተለያየነው በእኛ ምክንያት ነው። አንተ ያደረግከው ነገር የለም፣ ልታስተካክለው የምትችለውም የለም።» «ይሄን አውቃለሁ» ቢልዎትም ይድገሙት። ብዙ ልጅ ጥፋቱን በልቡ ለራሱ ሰጥቶ ይዞ ይዞራል። «አሁን የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» የሚል ዘመድ ካለ ደግሞ በዘዴ ያስቁሙት። ልጁ ልጅ ይሁን። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ትምህርት ካስጠላው፣ ከጓደኞቹ ከተለየ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ። «መሞት ይሻላል» የሚል ወይም ራሱን የሚጎዳ ከሆነ ሳምንት አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ነው።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እርስዎ ሥራ ሲሆኑ አሁን ልጆቹን ማን ይይዛቸዋል? ትዳር ሲፈርስ ጠባቂው ይቀያየራል፣ ቤት አዲስ ሰው ይገባል። በልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት የሚያደርሰው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው። ልጅን ከማያውቀው ሰው ብቻ ማስፈራራት አይበቃም። ለሁለቱም የሰውነት ክፍላቸውን በስሙ ያስተምሯቸው። ምስጢርና ድንገተኛ ስጦታን ይለዩላቸው፦ ድንገተኛ ስጦታ በመጨረሻ ሁሉም አይቶት ይደሰታል፤ «ለእናትህ እንዳትነግር» የተባለ ምስጢር ግን ለእናት የሚነገር ነው። ልጁ ከእርስዎ ሌላ ሊነግራቸው የሚችሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎችን በስም ይቁጠርልዎት። መቁጠር ካቃተው የጎደለውን አገኙት ማለት ነው።

ወደ ትንሿ ልመለስ። ወር አልፏል፣ ረስታዋለች ብለው ይሆናል። ቢሆንም ይቅርታ ይጠይቋት። ለ2 ዓመት ተኩል ልጅ ይቅርታ አጭር ነው፤ ወደ ቁመቷ ዝቅ ብለው፣ ክንዷን ዳበስ አድርገው «እማዬ በኃይል ጎተተችሽ። አመመሽ። ልክ አልነበረም» ማለት ነው። «አንቺም እኮ ጫማ እምቢ ብለሽ» የምትለዋ ጭራ እንዳትጨመር። ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እናቶች ለጥቂት ደቂቃ ፊታቸውን ድርቅ አድርገው ሕፃናቸውን እንዲያዩ አድርጎ ነበር። ሕፃኑ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ እጁን ይዘረጋል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻ ፊቱን ያዞራል። እናቱ ስትመለስለት ደግሞ ቀስ በቀስ ይታረቃታል። ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶቹ ጤነኛ በሆኑ እናትና ልጅ መካከል እንኳ አብዛኛው ጊዜ ስሜታቸው የማይገጣጠም መሆኑን አየ። ልጁ የሚያድገው በመታረቁ ነው።

የነገ ጠዋቱን ጫማ በተመለከተ፣ ማታ ሲተኙ ሁለት ጥንድ በሩ አጠገብ ያስቀምጡ። ጠዋት «ጫማ አድርጊ» አይበሏት፤ «ይሄን ወይስ ያንን?» ይበሏት። ከተለመደው አሥር ደቂቃ ቀድመው ይጀምሩ። ሁለቱንም እምቢ ካለች ጫማውን ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱና በካልሲዋ ይዘዋት ይውጡ።